የቴፕ ግልባጭ በከሸፈ ጊዜ ምርመራው ከየት ይጀምራል?

በቃሊቲና በአቃቂ በሚያልፈው አውራ መንገድ ግራና ቀኝ መጋዘን ያላቸው አስመጪዎች፣ ሥራቸው በሰነድ ላይ የቆመ መሆኑን ማንም ሳይነግራቸው ያውቁታል። ከጅቡቲ የተነሣ ኮንቴይነር ቃሊቲ ጉምሩክ ደርሶ እስኪለቀቅ ድረስ ኢንቮይሱ፣ የጭነት ሰነዱ፣ የባንክ ፈቃዱ፣ የመድን ወረቀቱና ዲክላራሲዮኑ እርስ በርሳቸው መስማማት አለባቸው። ዕቃው ወጥቶ ከተሸጠም በኋላ ነገሩ አያበቃም። የጉምሩክ ድኅረ ዕቃ አወጣጥ ኦዲት አለ፤ የግብርም ምርመራ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ነጋዴ የሒሳብ መዝገቡን ለ10 ዓመት እንዲያቆይ ያዝ ነበር፤ የግብር አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008ም ሰነድ ለዓመታት ተጠብቆ እንዲቆይ ያስገድዳል። ሰነዱን ማቅረብ ያልቻለ ነጋዴ በእውነት ያወጣው ወጪ እንኳ ሳይያዝለት ሊቀር ይችላል።

ቀድሞ ጸሐፊው በሁለት ወረቀት መካከል ካርቦን አግብቶ ይጽፍ ነበር። ዋናው ይሄዳል፤ ቀሪው በፋይል ይቀመጣል። ዛሬ መዝገቡ ያለው በሰርቨር ውስጥ ስለ ሆነ የቀሪውን ሥራ የሚሠራው ባክአፕ የሚባለው መጠባበቂያ ግልባጭ ነው። ብዙ ሰነድ ያላቸው ንግድ ቤቶች ይህን ግልባጭ የሚይዙት በቴፕ ካሴት ነው።

በኢንተርኔት ወደ ሩቅ ሰርቨር መላክ እያለ ቴፕ ያረጀ ነገር ነው የሚሉ አይጠፉም። ይሁን እንጂ ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ለሦስት ሳምንት ያህል ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ፣ ግልባጩን በውጭ አገር ብቻ ያስቀመጠ ነጋዴ ሊደርስበት አይችልም ነበር። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው የኮምፒዩተር ቫይረስም ከሰርቨሩ ጋር የተያያዘውን ዲስክ ሁሉ ሊያበላሽ ይችላል፤ ከመሣሪያው ወጥቶ በቁም ሣጥን የተቆለፈውን ካሴት ግን አይነካውም። ሁለቱንም መንገድ መያዝ የቻለ ይያዝ። ችግሩ ካሴቱን ገዝቶ ማስቀመጥና ግልባጭ መያዝ አንድ ተደርጎ መቈጠሩ ነው።

ሌሊት የተቀጠረው ሥራ ሳይፈጸም ሲቀር፣ ጠዋት በሰርቨሩ ላይ ቀይ ምልክት ይታያል። ብዙ ጊዜ ወዲያው የሚደረገው ካሴቱን አውጥቶ በአዲስ መተካት ነው። ይህ ገንዘብ ከማባከኑም በላይ እውነተኛውን ምክንያት ይሸፍነዋል። ቀይ ምልክቱ የሚናገረው ሥራው የት ላይ እንደ ቆመ እንጂ ለምን እንደ ቆመ አይደለም። ስለዚህ አስቀድሞ መነበብ ያለበት ሎግ የሚባለው የፕሮግራሙ የሥራ መዝገብ ነው። ከእርሱም ሥራው የጀመረበት ሰዓት፣ የቆመበት ሰዓት፣ በቆመበት ጊዜ ይገለብጠው የነበረው ፋይል ስምና የስሕተቱ ቁጥር በወረቀት ይጻፉ። ቴክኒሻኑ ሲመጣ «አንድ ነገር ብሎ ነበር» ከማለት ያድናል።

መዝገቡ ሥራው ፈጽሞ አለመጀመሩን ካሳየ፣ ምርመራው ከካሴቱ ሳይሆን ከሰዓቱና ከመብራቱ ይጀምራል። በእኛ አገር ሰዓት ራሱን የቻለ ምክንያት ነው። የንግድ ቤቱ ባለቤት «ሌሊት በ8 ሰዓት ይገልበጥ» ብሎ ያዛል፤ ትእዛዙን የተቀበለውም በሰርቨሩ ላይ 8 ብሎ ይሞላል። የሰርቨሩ 8 ግን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ነው፤ ይኸውም ካሸሯ ፒችትሪን ከፍታ የቀኑን የመጀመሪያ ደረሰኝ የምትመዘግብበት ሰዓት ማለት ነው። ባለቤቱ ያሰበው ሰዓት በሰርቨሩ አቈጣጠር 2 ነበር።

ሥራው ጀምሮ በየቀኑ በአንድ ሰዓት ላይ የሚቆም ከሆነ ደግሞ የሰው እጅ ሳይኖርበት አይቀርም። ዘበኛው የእሳት አደጋን ፈርቶ ማታ ዋናውን ማብሪያ ያጠፋል፤ ዩፒኤሱም ሰርቨሩን ጥቂት ደቂቃ ይዞ ይለቀዋል። ዘበኛው ግዴታውን ተወጥቷል። ያልተወጣው የሰርቨሩ መስመር የትኛው እንደ ሆነ ያልነገረው ነው። መብራት በሄደ ጊዜም ቢሆን የቴፕ መሣሪያው ከሰርቨሩ ጋር በዩፒኤስ ላይ መሰካት አለበት፤ ሰርቨሩ በዩፒኤስ፣ የቴፕ ድራይቩ ግን በተራ ሶኬት የተሰካበት ቢሮ ብዙ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ክፍት ፋይል ነው። ስሙ በአምራቾቹ ዘንድ ከተለወጠ ቢቆይም በአገራችን ዛሬም ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም፣ አንድ ሠራተኛ ከፍቶት ከሄደ ፋይሎቹ በሥራ ላይ እንዳሉ ይቈጠራሉ። የባክአፑ ፕሮግራም ሌላውን ሁሉ ገልብጦ እነዚህን ያልፋቸዋል፤ በመጨረሻም ሥራው እንደ ተፈጸመ፣ ጥቂት ፋይሎች ግን እንደ ታለፉ ይጽፋል። አንባቢው «ተፈጽሟል» የሚለውን አይቶ ይረካል። የታለፉት ጥቂት ፋይሎች ግን የንግድ ቤቱ ሙሉ የሒሳብ መዝገብ ሊሆኑ ይችላሉ። ከቀዩ ምልክት ይልቅ የሚያስፈራው እንዲህ ያለው ነው። መፍትሔው ማታ ሁሉም ከፕሮግራሙ መውጣታቸውን አንድ ሰው እንዲያረጋግጥ ማድረግ፣ ቀጥሎም ፒችትሪ በራሱ የሚያዘጋጀውን ግልባጭ በአንድ ፎልደር አስቀምጦ ቴፑ ያንን ፎልደር እንዲወስድ ማዘዝ ነው።

የይለፍ ቃልም እንዲሁ ይረሳል። ባክአፑ ወደ ፋይሎቹ የሚገባው በአንድ ሠራተኛ ስም ከሆነ፣ ሠራተኛው ሥራ ሲለቅ ወይም የይለፍ ቃሉን ሲለውጥ ግልባጩ ከዚያው ሌሊት ጀምሮ ይቆማል። ለዚህ ሥራ ብቻ የተለየ ስም ይከፈት።

እስከዚህ ድረስ ስለ ካሴቱ ምንም አልተነገረም፤ ከላይ የተጠቀሱት ሁሉ በንጹሕ ካሴት ላይ የሚደርሱ ናቸውና። ነገሩ ከካሴቱ ከሆነ ደግሞ ቀላሉ ይቅደም። በካሴቱ ጠርዝ ያለችው ትንሽ መቆለፊያ ወደ መከልከያው ተገፍታ እንደ ሆነ መሣሪያው ሊጽፍበት አይችልም። ፕሮግራሙ ትናንት የተጻፈበትን ካሴት እንዳይደመሰስ ጠብቆት ከሆነ ሌላ እስኪገባለት ይጠብቃል፤ የገናና የፋሲካ ሰሞን ካሴት የሚለውጥ ሰው ጠፍቶ ሥራው ለቀናት የሚቆመው በዚህ ምክንያት ነው። ካሴቱ ሞልቶም ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ በሽፋኑ የሚጻፈው ቁጥር ገዢውን ያሳስታል። ኤልቲኦ 6 የሚባለው ካሴት በእርግጥ የሚይዘው 2.5 ቴራባይት ነው፤ 6.25 የሚለው ጽሑፍ ፋይሉ ሲታመቅ ይደርሳል ተብሎ የተገመተው ነው። በስካነር የተነሡ ዲክላራሲዮኖችና ኢንቮይሶች ግን አብዛኛውን ጊዜ አስቀድመው የታመቁ ስለ ሆኑ ዳግመኛ አይታመቁም። ስለዚህ ሰነዱን ሁሉ በስካነር የሚያስገባ አስመጪ ትንሹን ቁጥር ብቻ ይመን።

የአቃቂ ቃሊቲ አቧራም ከዚህ ነገር ውጭ አይደለም። ከባድ መኪና በሚመላለስበት ግቢ፣ መስኮቱ በተከፈተ ቢሮ ወለል ላይ የተቀመጠ ድራይቭ አቧራውን በማቀዝቀዣው አየር ይስበዋል። ቴፑን የሚያነበው ክፍል ሲቈሽሽ መሣሪያው ራሱ የማጽጃ ምልክት ያበራል፤ በዚያን ጊዜ የማጽጃው ካሴት ይግባ። የማጽጃው ካሴት ግን የተወሰነ ጊዜ ብቻ ይሠራል፤ አገልግሎቱ ያለቀበትን ደጋግሞ ማስገባት ጥቅም የለውም። ሳይጠየቅ በየቀኑ ማጽዳትም ይጎዳል፤ ማጽጃው የሚነካውን ክፍል ይፈጋዋልና። አንዳንዶች በአልኮልና በጥጥ እንደ ድሮው የሙዚቃ ቴፕ ሊያጸዱት ይሞክራሉ፤ ይህ ፈጽሞ መደረግ የለበትም።

ጥፋቱ የካሴቱ ወይስ የድራይቩ መሆኑን የሚለየው መለዋወጥ ነው። አንዱ ካሴት ብቻ እየከሸፈ ሌሎቹ በዚያው ድራይቭ ደኅና ከሠሩ፣ ካሴቱ ከሥራ ይውጣ። ልዩ ልዩ ካሴቶች ሁሉ የሚከሽፉ ከሆነ፣ ድራይቩ ወይም ከሰርቨሩ ጋር የሚያገናኘው ኬብል ይመርመር፤ ኬብሉ ርካሹ ስለ ሆነ እርሱ ይቅደም። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ። ኬብሉም ካሴቱም ፕሮግራሙም በአንድ ቀን ከተለወጡ ሥራው ቢስተካከል እንኳ የቱ እንዳስተካከለው አይታወቅም።

በዚህ ምርመራ ውስጥ አንድ ከባድ አደጋ አለ። የተበላሸ ድራይቭ ደኅናውን ቴፕ ሊበጥስ ይችላል፤ የተጎዳ ቴፕም ደኅናውን ድራይቭ ያበላሻል። በችኮላ የመጨረሻውን ደኅና ካሴት በተጠረጠረው ድራይቭ ውስጥ ማስገባት ያለውን አንዱን ቀሪ ለእሳት እንደ መስጠት ነው። መሞከሪያው ባዶ ካሴት ይሁን፤ ደኅናው ካሴት ደኅንነቱ በታወቀ ድራይቭ ብቻ፣ ያውም መቆለፊያው ተገፍቶ ይነበብ። ወድቆ የተመታ ካሴትም ከውጭ ምንም ባይታይበት ወደ ድራይቭ አይመለስ።

ድራይቩ የሚለወጥ ከሆነ የትውልዱ ቁጥር ይጠየቅ። እስከ ኤልቲኦ 7 ድረስ ያሉት ድራይቮች ከራሳቸው በፊት የነበሩትን ሁለት ትውልዶች ካሴት ያነቡ ነበር። ኤልቲኦ 8 ግን ከራሱ ሌላ የሚያነበው የኤልቲኦ 7ን ብቻ ነው። በኤልቲኦ 6 የተያዘ የአምስት ዓመት ሰነድ ያለው አስመጪ ኤልቲኦ 8 ድራይቭ ገዝቶ አሮጌውን ቢጥለው፣ ካሴቶቹ ሳይበላሹ የማይነበቡ ይሆናሉ።

የቀን አቈጣጠሩም ሌላ ወጥመድ ነው። ሰርቨሩ በፈረንጅ ቀን ይመዘግባል፤ ጸሐፊው በካሴቱ ላይ በአበሻ ቀን ይጽፋል። የሒሳብ ዓመቱ ሰኔ 30 የሚዘጋ አንድ የብረታ ብረት አስመጪ ለምሳሌ ይወሰድ። ፕሮግራሙን የተከለው ሰው የዓመቱ መዝጊያ ግልባጭ ጁን 30 ቀን እንዲያዝ ያዘጋጅለታል። ጁን 30 ሰኔ 23 ነው፤ ሰኔ 30 የሚውለው ጁላይ 7 ቀን ነው። ካሴቱ ምንም ሳይከሽፍ የዓመቱ የመጨረሻ ሰባት ቀን ሒሳብ፣ ማለትም ዕዳና ክፍያ የሚጣራበት ሳምንት፣ በውስጡ የለም። ኦዲተር ከሦስት ዓመት በኋላ መጥቶ ይህንኑ ሳምንት ቢጠይቅ የሚቀርብ ነገር አይኖርም። ስለዚህ በካሴቱ ላይ ሁለቱም ቀኖች ይጻፉ፤ የመዝጊያውም ግልባጭ በእጅ ታዝዞ ይያዝ።

ግልባጩ ደኅና መሆኑን የሚያስረዳው አረንጓዴው ምልክት ሳይሆን ከቴፑ መልሶ ማውጣት ነው። በወር አንድ ጊዜ ሦስት ሰነዶች ይመረጡ፤ አንዱ የዚህ ወር፣ አንዱ የባለፈው ዓመት፣ አንዱ ደግሞ ማንም ያላስታወሰው የቆየ ዲክላራሲዮን ይሁን። በዋናው ላይ እንዳይደርቡ በሌላ ፎልደር ውስጥ ይውጡ፤ ይከፈቱ፤ ከወረቀቱ ጋር ቁጥር በቁጥር ይመሳከሩ። የፒችትሪው ግልባጭም በሌላ ኮምፒዩተር ተከፍቶ የባንኩ ሒሳብ ቀሪ ይታይ። ይህን የሚሠራው ግልባጩን የሚይዘው ሰው ባይሆን ይመረጣል። ቴፑ በምስጢር ቁልፍ የተቆለፈ ከሆነ፣ ቁልፉ በዚያው ሰርቨር ውስጥ ብቻ መቀመጥ የለበትም።

ካሴቶቹ ከመጋዘኑ ግቢ ውጭ በሌላ ቤት፣ ከወለል ከፍ ብለው፣ በሣጥናቸው ቆመው ይቀመጡ። ቀን የሚግል ማታ የሚበርድ የቆርቆሮ ቤት ለእነርሱ አይሆንም። ከሌላ ስፍራ የመጣው ካሴትም ወደ ድራይቭ ከመግባቱ በፊት ሰርቨሩ ባለበት ክፍል አንድ ቀን ይደር።