የቤት ጥንቸል አያያዝ

የዛሬው ንግግራችን ስለ ጥንቸል ነው።

«ጥንቸል ደግሞ ምን ትምህርት አላት?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ በእኛ በነቀምቴ አንድ ሰው በቤቱ ጥንቸል ቢይዝ ጎረቤት ይስቅበታል። ጥንቸል አትታለብም። እንቁላል አትጥልም። ሥጋዋንም ብዙዎቻችን አንበላም። ውሻ ቤት ይጠብቃል፤ ድመት አይጥ ትይዛለች። ጥንቸል ግን የምትያዘው ለልጆች ደስታ ነው። ይህ ይበቃል ባይ ነኝ። ነገር ግን አያያዟን ሳያውቁ ያስገቧት ጥንቸል ቶሎ ትሞታለች፤ ልጆቹም ያለቅሳሉ። እኔ ይህን ያወቅሁት በራሴ ጥፋት ነው።

ልጅ ሳለሁ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የግጦሽ ሜዳ ላይ አንዲት የጥንቸል ግልገል አገኘሁ። ሣር ውስጥ ብቻዋን ተኝታለች። ዓይኗ ተከፍቷል፤ ጠጉሯም ሙሉ ነው። እናቷ የጣለቻት መሰለኝ። በነጠላ ጠቅልዬ ወደ ቤት ወሰድኋት፤ የላም ወተትም በማንኪያ አጠጣኋት። አንድ ቀን ቆየች፤ ሁለት ቀን ቆየች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቀዝቅዛ አገኘኋት። አባቴ አልተቆጡኝም። አካፋውን አምጥተው በእጄ ሰጡኝ።

ታዲያ ጥፋቴ ምን ነበር? ያሳሳተኝ ስሙ ነው። በአማርኛ ጥንቸል እያልን በአንድ ስም የምንጠራቸው እንስሳት ሁለት ናቸው። አንደኛዋ በሜዳችን የምትሮጠው የዱር ጥንቸል ናት። እግሯም ጆሮዋም ረዥም ነው። ጉድጓድ አትቆፍርም፤ ሣር ላይ ትተኛለች። ግልገሎቿ ሲወለዱ ዓይናቸው የተከፈተ፣ ጠጉራቸው የበቀለ ነው። እናቲቱ ግልገሎቿን ሣር ውስጥ ትደብቅና ትሄዳለች። አብዛኛውን ጊዜ በቀን አንዴ ብቻ፣ ሲመሽ መጥታ ታጠባቸዋለች። አብራቸው ብትውል ጠረኗ ጠላት ይጠራባቸዋል። እንግዲህ ያቺ ብቻዋን የተኛችው ግልገል የተጣለች አልነበረችም። እናቷን ትጠብቅ ነበር።

ሁለተኛዋ የቤት ጥንቸል ናት። የዘሯ መነሻ አውሮፓ፣ ይኸውም የስፔን አገርና አካባቢው ነው። እሷ ጉድጓድ ትቆፍራለች። ልጆቿም ሲወለዱ ራቁታቸውን ናቸው፤ ዓይናቸው አልተገለጠም። ብዙ ዘመን በሰው እጅ ስለኖረች ሰው ትለምዳለች። የዱሯ ግን ፍርሃቷ አይለቃትም። ስለዚህ ልጆቻችሁ ከሜዳ ግልገል ይዘው ቢመጡ፣ ዛሬውኑ ካነሱበት ቦታ ይመልሱ። ጥንቸል መያዝ የሚፈልግ ሰው ከሚያረባ ሰው ቤት ይግዛ።

አሁን ወደ ምግቧ እንሂድ፤ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። የጥንቸል ምግብ ሣር ነው። እርጥብ ሣር ወይም ድርቆሽ ሌሊትና ቀን ከፊቷ መጥፋት የለበትም። ምክንያቱም ሁለት ነው። የጥንቸል ጥርስ ዕድሜዋን ሙሉ ያድጋል። ሣር ስታኝክ ጥርሷ ይሞረዳል፤ ሣር ካጣች ግን ጥርሷ ረዝሞ መብላት ይከለክላታል። ደግሞም ሆዷ ሥራ ማቆም የለበትም። ጥንቸል ማስመለስ አትችልም፤ የገባው ሁሉ ወደ ፊት መሄድ አለበት። ወደ ፊት የሚገፋላት ሣሩ ነው።

እርጥብ ሣር አጭዳችሁ ከከመራችሁት ይሞቃል፤ ይሻግታል። ያን አትስጧት። የስኳር ድንች ቅጠል ትወዳለች፤ ይስማማታልም። ካሮት ግን እንደ ከረሜላ ነው፤ ትንሽ ቁራጭ ይበቃታል። እንጀራና ዳቦ ሆዷን ያበላሻል። የድንችና የቲማቲም ቅጠል፣ ሽንኩርት፣ አቮካዶ፣ ጉሎም መርዝ ናቸው። ንጹሕ ውኃ በከባድ የሸክላ ዕቃ አድርጉላት፤ ቀላል ዕቃ ከሆነ ትደፋዋለች።

አንድ ነገር ልንገራችሁና አትደንግጡ። ጥንቸል የራሷን በጠጥ ትበላለች! ደረቁን ሳይሆን ለስላሳውን ነው። ላም ሣሩን መልሳ እንደምታመሰኳ ሁሉ፣ እሷም ምግቡን ሁለተኛ ጊዜ በሆዷ ታሳልፈዋለች። በሽታ ስላይደለ አትከልክሏት።

መኖሪያዋስ? በነቀምቴ ክረምቱ ረዥም ነው፤ ዝናቡም ብዙ ነው። ጥንቸል ደረቅ ብርድ ትችላለች፤ እርጥብ መኝታና ነፋስ ግን ያሳምሟታል። ከመሬት ከፍ ያለ የእንጨት ሣጥን ሥሩላት፤ ጭድ አንጥፉበት። በሩን በደንብ ዝጉ፤ ሸለምጥማጥ ሌሊት ይመጣል። ወደ ኡኬ ቆላ የምትኖሩ ደግሞ የምትፈሩት ሙቀቱን ነው። የጥንቸል ላብ የለም ማለት ይቻላል፤ ሙቀቷን የምታወጣው በጆሮዋ ነው። ስለዚህ ጥላ ሥር አድርጓት። ቀን ቀን ቤት ውስጥ ብትለቋት ትፈነጥዛለች፤ የመብራት ገመድ ግን ከጥርሷ አርቁ። በጠጧን አንድ ጥግ ላይ ማድረግ ስለምትወድ፣ እዚያ ጥግ ላይ ጭድ ያለበት ሳንቃ አኑሩላት።

ስታነሷት በጆሮዋ አትያዟት። ይህ ልማድ ክፉ ነው። አንድ እጃችሁን ከደረቷ በታች፣ ሌላውን ከቂጧ ሥር አድርጉ። ቂጧ ተንጠልጥሎ ከተራገጠች የጀርባ አጥንቷ ሊሰበር ይችላል። ትንንሽ ልጆች መሬት ተቀምጠው ይዳብሷት እንጂ አይሸከሟት።

ወንድና ሴት አንድ ላይ አታኑሩ። ሴቷ በአንድ ወር ገደማ ትወልዳለች፤ በወለደች ዕለትም እንደገና ልታረግዝ ትችላለች። በዛችብን ብላችሁም ሜዳ ላይ አትልቀቋት። እ.ኤ.አ. በ1859 አንድ ሰው ወደ አውስትራሊያ 24 ያህል ጥንቸሎች አስመጥቶ ለቀቀ። የልጅ ልጆቻቸው የአገሩን ግጦሽ ጨረሱት።

በመጨረሻ ስለ ሕመሟ። ውሻ ሲያመው ያለቅሳል። ጥንቸል ግን ዝም ትላለች። በዱር ሳለች ድካሟን ያሳየች ስለምትበላ፣ ሕመሟን መደበቅ ተፈጥሮዋ ነው። ስለዚህ ፊቷን ሳይሆን ሣሩንና በጠጡን እዩ። ጠዋት የሰጣችኋት ሣር እስከ ማታ ካልተነካ፣ በጠጧም ከቀረ ወይም ካነሰ፣ «ነገ ይሻላት ይሆናል» ብላችሁ አትደሩ። ነገ ላትደርስ ትችላለች። ቤት ያለውን የሰው ካፕሱል አትስጧት፤ አሞክሲሲሊን የሚባለው መድኃኒት በአፏ ከገባ ሊገድላት ይችላል። ካርቶን ውስጥ ጭድ አንጥፋችሁ አስቀምጧት። ከላይ ጨርቅ ሸፍኑ፤ አየር ግን ይግባ። ከዚያ በቀጥታ ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዷት፤ ከመቼ ጀምሮ እንዳልበላችም ንገሩት።