የጌም ኮምፒዩተር ክፍሎች መጣጣም፦ ከሶኬቱ እስከ አርሲ ደጋ አየር

አንድ የጎበሳ ተማሪ ለዓመታት ባጠራቀመው ገንዘብ የጌም ኮምፒዩተር ክፍሎችን ከአዲስ አበባ ገዝቶ ተመለሰ እንበል። ካርቶኖቹን ሲከፍት ግን ራሙ ማዘርቦርዱ ላይ አልገባ አለው። ዕቃው አልተበላሸም፤ ነጋዴውም አላታለለውም። ሁለቱ ክፍሎች አይጣጣሙም እንጂ። ዕቃውን ለመለወጥ ከአሰላ እንኳ 175 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ያስፈልጋል፤ ከጎበሳ ደግሞ መንገዱ ይረዝማል። ስለሆነም መጣጣሙ ገንዘቡ ከኪስ ከመውጣቱ በፊት በወረቀት ላይ መረጋገጥ አለበት። አካሄዱን በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

ሶኬትና ራም

ማዘርቦርዱን የሚወስነው ፕሮሰሰሩ ስለሆነ ምርጫው ከእርሱ ይጀምራል። ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት ስፍራ ሶኬት ይባላል። ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው ኤኤም5 ሶኬት 1,718 የመገናኛ ነጥቦች ሲኖሩት፣ ከእርሱ በፊት የነበረው ኤኤም4 ያሉት 1,331 ናቸው። የአንዱ ፕሮሰሰር ለሌላው ከቶ አይሆንም።

ኤኤም5 የሚቀበለው ዲዲአር5 ራም ብቻ ነው። በኢንቴል ኤልጂኤ1700 ሶኬት የተሠሩ ማዘርቦርዶች ግን አንዳንዶቹ ለዲዲአር4፣ ሌሎቹ ለዲዲአር5 ናቸው፤ ስለዚህ የማዘርቦርዱን መግለጫ ማንበብ ግድ ይላል። ሁለቱም ራሞች 288 ነጥቦች ስላሏቸው ለዓይን ይመሳሰላሉ። የሚለያቸው በጠርዛቸው ላይ ያለው ቁርጥ የሚገኝበት ቦታ ነው። ቁርጡ ሆን ተብሎ የተሠራ ጠባቂ ስለሆነ አልገባም ያለን ራም በጉልበት መጫን ከመስበር በቀር ትርፍ የለውም።

የኤሌክትሪክ ኃይል

ራይዘን 5 7600 ፕሮሰሰር እስከ 88 ዋት፣ ጂፎርስ አርቲኤክስ 4060 ግራፊክስ ካርድ ደግሞ 115 ዋት ይወስዳሉ። ለቀሩት ክፍሎች 60 ዋት ብንይዝ ድምሩ 263 ዋት ይሆናል። የካርዱ አምራች ኤንቪዲያ ግን 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይመክራል። ካርዱ ለቅጽበት ከተለመደው በላይ ሊስብ ስለሚችል ትርፉ አስፈላጊ ነው። ፓወር ሰፕላዩም ሁልጊዜ 550 ዋት አይወስድም፤ ክፍሎቹ የጠየቁትን ያህል ብቻ ያቀርባል።

መብራት ድንገት በሚጠፋበት አካባቢ ዩፒኤስም ከስሌቱ ሊገባ ይገባዋል። እዚህ ላይ ቮልት-አምፔርንና ዋትን ማምታታት አይገባም። 650 ቮልት-አምፔር የሚል ዩፒኤስ ብዙውን ጊዜ የሚሸከመው 390 ዋት ገደማ ነው። ይህም የምሳሌያችንን ኮምፒዩተር ከነስክሪኑ ይዞ፣ ሥራን አስቀምጦ ለመዝጋት የሚበቁ ደቂቃዎችን ይሰጣል።

ኬዝና አየር

የካርዱ ርዝመትና የማቀዝቀዣው ቁመት በኬዙ መግለጫ ከተጻፈው ወሰን ማለፍ የለባቸውም። ለደጋ ነዋሪ ሌላም ነገር አለ። አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ማራገቢያው የሚገፋው አየር መጠን ያው ቢሆንም አየሩ ስስ በመሆኑ ተሸክሞ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። የደጋው ቅዝቃዜ ከጉድለቱ ከፊሉን ያካክሳል። ቢሆንም ፊቱ ወንፊት የሆነና አየር በደንብ የሚያስገባ ኬዝ መምረጥ ይበጃል።

እንግዲህ ፕሮሰሰር፣ ማዘርቦርድ፣ ራም፣ ግራፊክስ ካርድ፣ ፓወር ሰፕላይ፣ ኬዝ ብለን በተራ እንጻፍ፤ እያንዳንዱንም ከፊተኛው ጋር እናስተያይ። በወረቀት ላይ የተገኘ ስሕተት በላጲስ ይጠፋል፤ ጎበሳ ከደረሰ በኋላ የተገኘ ግን የአውቶቡስ ሒሳብ ያስከፍላል።