የከሰረ አክሲዮንን ያለመሸጥ ዝንባሌ በገንዘብ ቀውስ ወቅት

እ.ኤ.አ. በ2007 አጋማሽ የአሜሪካው ባንክ የሲቲግሩፕ አንድ አክሲዮን ከ50 ዶላር በላይ ያወጣ ነበር፤ በማርች 2009 ለአጭር ጊዜም ቢሆን ከ1 ዶላር በታች ወርዷል። ዋጋው በ40፣ በ30 እና በ20 ዶላር በኩል ሲያልፍ የመሸጥ ዕድል ነበረ። ብዙ ባለአክሲዮኖች ግን ይዘው ቆዩ። ለምን?

ኸርሽ ሸፍሪን እና ሜየር ስታትማን እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት ጥናት፣ ባለሀብቶች ያተረፈን አክሲዮን ለመሸጥ እንደሚቸኩሉ፣ የከሰረውን ግን ይዘው እንደሚቆዩ ገልጸዋል። መሠረታቸው ዳንኤል ካህነማን እና ኤሞስ ትቨርስኪ በ1979 ያቀረቡት ንድፈ ሐሳብ ነው። በዚህ ንድፈ ሐሳብ መሠረት ሰው ትርፍንና ኪሳራን የሚመዝነው ከአንድ መነሻ ነጥብ አንጻር ነው፤ ለአክሲዮን ደግሞ ይህ ነጥብ አብዛኛውን ጊዜ የተገዛበት ዋጋ ነው። ከዚያ በታች የወረደ ሰው ኪሳራውን ከማረጋገጥ ይልቅ ተጨማሪ አደጋ መጋፈጥን ይመርጣል። ገበያው ግን ማን በስንት እንደገዛ አያውቅም።

ቴራንስ ኦዲን ከ1987 እስከ 1993 የነበሩ 10,000 የደንበኞች ሒሳቦችን መርምሮ፣ ባለሀብቶቹ ሊሸጡት ከሚችሉት ትርፍ 14.8 በመቶውን፣ ከኪሳራው ግን 9.8 በመቶውን ብቻ እንደሸጡ አሳይቷል። ኪሳራን አረጋግጦ መሸጥ ግብር ስለሚቀንስ የሚጠበቀው ተቃራኒው ነበር፤ እንዲህ የሆነውም በዲሴምበር ወር ብቻ ነው።

በቀውስ ወቅት ይህን ዝንባሌ መለካት ይከብዳል። ሁሉም አክሲዮን ሲወድቅ ለንጽጽር የሚሆን ትርፍ ይጠፋል። ውጤቱም ያሳስታል፦ የኤስ ኤንድ ፒ 500 መለኪያ ከግማሽ በላይ ወድቆ በ2013 ወደ ቀድሞ ከፍታው ስለተመለሰ፣ መለኪያውን የሚከተል ፈንድ የያዘ ሰው ታጋሽ መስሎ ይታያል፤ የሌማን ብራዘርስን አክሲዮን የያዘው ግን ባዶ እጁን ቀርቷል። ሁለቱም ያልሸጡት በአንድ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በእኔ አመለካከት፣ መጨረሻውን አይቶ ትዕግሥትን ከግትርነት ለመለየት የሚሞክር ጥናት ከመነሻው የተሳሳተ ነው።

የተሻለውን መንገድ ማርቲን ዌበር እና ኮሊን ካመረር በ1998 ባወጡት የሙከራ ጥናት እናገኛለን። በአንደኛው ሙከራ አክሲዮኖቹ በየዙሩ መጨረሻ በራሳቸው ይሸጡ ነበር፤ ተሳታፊዎቹ ከፈለጉ ያለ ተጨማሪ ወጪ መልሰው መግዛት ይችላሉ። ዝንባሌው በእጅጉ ቀነሰ። ተሳታፊዎቹ በአክሲዮኑ የወደፊት ዋጋ ተማምነው ቢሆን ኖሮ መልሰው በገዙት ነበር፤ የከበዳቸው «ሽጥ» የሚለውን ትእዛዝ በገዛ እጃቸው መስጠቱ ነበር።