በዛብህ ለምን ሸሸ? የመርካቶ አድማጮች ክርክር

ሰውየው ለሥራ በገባበት ቤት አፈቀረ፤ ያፈቀራትም የአሠሪው ልጅ ነበረች። ነገሩ በተገለጠ ጊዜ እሱ ሸሸ፤ እሷ ግን ከአባቷ ቁጣ ጋር ቀረች። ክቡር ሐዲስ ዓለማየሁ ይህን ታሪክ «ፍቅር እስከ መቃብር» ብለው ያሳተሙት በ1958 ዓ.ም. ነው። ዳሩ ግን በመርካቶ፥ ልብስ ሰፊዎች መኪናቸውን በበረንዳ ደርድረው በሚውሉበት መደዳ፥ ጉዳዩ እስከ ዛሬ ድረስ ውሳኔ አላገኘም። አንዱ ይከሳል፤ ሁለተኛው ይሟገታል፤ ሱሪ ሊያሳጥር የመጣው ደንበኛ ደግሞ ማንም ሳይጠራው ምስክር ሆኖ ይቆማል።

ታሪኩን ለዘነጋ አንባቢ በአጭሩ እናስታውስ። በዛብህ የድሃ ገበሬ ልጅ ነው፤ ወላጆቹ ገና በሕፃንነቱ ለቤተ ክርስቲያን ተስለውታል። ትምህርቱን ተምሮ ካደገ በኋላ ፊታውራሪ መሸሻ ልጃቸውን ሰብለ ወንጌልን ንባብና ጽሕፈት እንዲያስተምር ያስገቡታል። ፊታውራሪ ለልጃቸው የሚመጥን ዘር አጣሁ እያሉ ጠያቂውን ሁሉ ሲመልሱ የኖሩ ሰው ናቸው። መምህሩና ተማሪይቱ ተዋደዱ። የቀረውን የመጽሐፉ ስም አስቀድሞ ይናገራል።

ከተከራካሪዎቹ ብዙዎቹ መጽሐፉን በእጃቸው ገልጠው አያውቁም፤ የሰሙት ነው። በደርግ ዘመን ስመ ጥሩው ተዋናይ ወጋየሁ ንጋቱ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው የኢትዮጵያ ሬድዮ ዝግጅት መጽሐፉን በየክፍሉ እየተረከ አሰማ። መጽሐፍ የያዘ ሰው ልቡ ሲሰቀል ገጹን ዘልሎ መጨረሻውን ማየት ይችላል፤ ሬድዮ ግን ጠብቅ ይላል። በዚያም መጠበቅ ውስጥ ነው ክርክሩ የተወለደው። ያን ጊዜ ሬድዮ ያለው ሱቅ በረንዳው በሰው ይሞላ እንደ ነበር በዕድሜ የገፉ ነጋዴዎች ያወራሉ። ዛሬ ያው ድምፅ ከተንቀሳቃሽ ስልክ ይወጣል፤ መጠበቅም የሚያስገድድ የለም። ይሁንና እኔ የማውቀው አንድ ልብስ ሰፊ በቀን ከአንድ ክፍል በላይ አያሰማም። ባልደረቦቹ ጨምርልን ቢሉት፥ ያልተሟገትንበት ክፍል ሳለ ምን ያስቸኩለናል ይላቸዋል።

በክፍል በክፍል የሚወጣ ታሪክ ሰውን እንዲህ ማድረጉ በእኛ አገር ብቻ አይደለም። እንግሊዛዊው ቻርልስ ዲክንስ እ.ኤ.አ. በ1840 እና በ1841 በየሳምንቱ ሲያወጣው በነበረው ልብ ወለድ ውስጥ ኔል የምትባለው ልጅ መሞቻዋ ሲቃረብ፥ አንባቢዎች እንዳይገድላት በደብዳቤ ለምነውታል። በአሜሪካም ሚልተን ካኒፍ በጋዜጣ በሥዕል እያወጣ ይተርከው በነበረው ተከታታይ ታሪክ ውስጥ፥ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1941 ሬቨን ሸርማን የተባለችው ሴት ስትሞት፥ በቀለም የተሣለችውን ሴት እንደ ሥጋ ዘመድ ቆጥረው አበባ የላኩ አንባቢዎች ነበሩ። የእኛ ሰው ግን በዚህ ይለያል። ሐዲስ መቃብሩን በሽፋኑ ላይ ስለ ጻፉት፥ ማንም ሞቱን አስቀርልኝ ብሎ አይለምንም። የሚጠየቀው ጥፋቱ የማን ነው ተብሎ ነው።

በዛብህን አጥብቀው የሚከሱት ሸምገል ያሉት ባለሱቆች ናቸው። የሰው እንጀራ እየበሉ፥ ታምነው በገቡበት ቤት እንዲህ አይደረግም ይላሉ። አንዱ አባት እንዲያውም ነገሩን በሱቃቸው መዝነው፥ ቁልፍ የሰጠሁት ልጅ ቢሆንስ ብለው ይጠይቃሉ። ፊታውራሪን ለመክሰስ ግን ብዙ ሰው አይደክምም፤ የእሳቸው ጥፋት በሁሉም ዘንድ የታወቀ ስለ ሆነ ለክርክር አይመችም።

ለበዛብህ የሚቆሙለት ጠበቆች ካልታሰበ ስፍራ ይመጣሉ። እነርሱም ከጎጃም ወጥተው በመርካቶ ሸክም የሚሠሩት ወጣቶች ናቸው። በዛብህ የሸሸው ወደዚችው ወደ አዲስ አበባ መሆኑን አይዘነጉም። አገሩን ጥሎ የመጣ ሰው ሁሉ ከዳተኛ ነውን? ባዶ እጁን ይዞ ቢቀመጥ ለማን ይጠቅም ነበር? እንዲህ እያሉ ይሟገታሉ። ጆንያውን አውርደው ላባቸውን እየጠረጉ ሲናገሩ ለሰማቸው፥ የሚከራከሩት ስለ በዛብህ ብቻ እንዳልሆነ ይገባዋል። በአገር ቤት አንዲት የምትጠብቅ ልጅ ሳትኖር አትቀርም።

በዚህ ሁሉ መካከል እኔን ይበልጥ ያስደነቀኝ በጨርቃ ጨርቅ ሱቆች የሚሠሩት ልጃገረዶች ፍርድ ነው። እነርሱ የሚያነሡት የሰብለ ወንጌልን እግር ነው። እሱ ሲሸሽ እሷ መነኩሴ መስላ፥ የባላባት ልጅነቷን ጥላ፥ ያን ሁሉ መንገድ በእግሯ ልትፈልገው ወጣች። እንግዲህ ፈሪው ማን ነው? ይህን ከሰማሁ በኋላ አንደኛዋ ሌላ ጥያቄ ጨመረች። ነገሩ ተገልብጦ ሰብለ ተቀጣሪ፥ በዛብህ ደግሞ ባለቤት ቢሆንስ ኖሮ ይህን ታሪክ ፍቅር ብለን እንጠራው ነበርን? አለች። ጓደኞቿ ሣቁ፤ ሣቃቸው ግን ቶሎ አለቀ። ጥያቄዋ ከመጽሐፍ የመጣ እንዳልሆነ ሁላቸውም ያውቁ ነበርና።

ደመወዝ የሚከፍል ሰው ወደድኩሽ ሲል፥ የተከፋዩዋ መልስ በነፃ የተሰጠ ነው ለማለት ያስቸግራል። እሺ ብትል በሐሜት ትኖራለች፤ እምቢ ብትል የወሩን የቤት ኪራይ ታስባለች። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 በሥራ ቦታ የሚደረገውን ወሲባዊ ትንኮሳ ከልክሏል፤ ይህ የደረሰባት ሠራተኛም ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራዋን እንድትለቅ ፈቅዶላታል። መልቀቁ መብት መሆኑ መልካም ነው። ነገር ግን ያነጋገርኳቸው ልጆች አዋጁን አልሰሙትም፤ በነገርኳቸውም ጊዜ አንዷ፥ ታዲያ የምትለቀው አሁንም እሷ ናት? አለችኝ።

ይህን ጋዜጣ የምታነቡ ወጣት ሹማምንትም ከዚህ ክርክር ውጭ አይደላችሁም። በአንድ ክፍል፥ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ተያይቶ በሚዋልበት መሥሪያ ቤት ፍቅር መነሣቱ አይቀርም፤ ይህንንም በደንብ ማስቀረት የሚቻል አይመስለኝም። እኔ በበዛብህ ላይ የምፈርደው ስላፈቀረ አይደለም፤ መሸሹንም ይቅር እለዋለሁ፤ ቢቆይ ኖሮ ፊታውራሪ በሕይወት አይተዉትም ነበርና። ይቅር የማልለው ሌላ ነገር ነው። ሁለቱ በተዋደዱበት ጊዜ ሁሉ፥ ቢታወቅብን ማን ምን ያጣል የሚለውን ጥያቄ ከሰብለ ጋር ቁጭ ብሎ አለመመካከሩ ነው። የተሳለበት ስለት ያስጨንቀዋል፤ የራሱ ማነስ ያስጨንቀዋል፤ የእሷ ኪሳራ ግን የገባው ከመሸ በኋላ ነው። በየመሥሪያ ቤቱም ነገሩ በተገለጠ ጊዜ ወደ ሌላ ክፍል የምትዛወረው ብዙውን ጊዜ ታናሽ ሠራተኛዋ መሆኗን ያየ ሰው፥ ይህን ፍርድ ጨካኝ አይለኝም።

ይህን አስተያየቴን ለልብስ ሰፊው ባጫወትኩት ጊዜ ክፉኛ ተቆጣ። በዛብህን እንዲህ የሚያጥላላ ሰው ታሪኩን በደንብ አልሰማም ባይ ነው። እውነትም መጽሐፉን በዓይናቸው ያነበቡ ሰዎች በበዛብህ ላይ ይጨክናሉ፤ በጆሯቸው የሰሙት ግን ያዝኑለታል። ወጋየሁ ለበዛብህ የሰጠው ያ የተሰበረ ድምፅ ከማንኛውም ጠበቃ ይበልጣል። በአጠገባችን ቆሞ ይሰማ የነበረ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ለእኔ ደግፎ መጽሐፉን ከቦርሳው አወጣና ገጹን ሊያሳየው ፈለገ። ልብስ ሰፊው መነጽሩን ከግንባሩ ሳያወርድ፥ አንብብልኝ አለው። ልጁ ድምፁን አስተካክሎ ግማሽ ገጽ ያህል አነበበ። ልብስ ሰፊው እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ካዳመጠ በኋላ፥ ወጋየሁ እንዲህ አይደለም የሚለው ብሎ መኪናውን መርገጥ ጀመረ።