የወይራ ዘይትና የፀረ ተባይ ቅሪት

ዘይቱን በቁርኣን የተወሳ በመሆኑ በብዙዎቻችን ቤት የወይራ ዘይት እንደ መድኃኒት ይቀመጣል። በማንኪያ ይጠጣል፣ ሕፃን ይታሽበታል። ጠርሙሱ ላይ «ኤክስትራ ቨርጂን» የሚል ካየን ደግሞ ከሁሉም ነገር የጸዳ ይመስለናል።

ይህ ስም የሚናገረው ሌላ ነገር ነው። ዘይቱ በኬሚካል ሳይጣራ በመጭመቅ ብቻ መገኘቱን፣ የአሲድ መጠኑ ከመቶ 0.8 አለመብለጡንና ጣዕሙ እንከን የሌለው መሆኑን ያመለክታል። በዛፉ ላይ ስለተረጨው ፀረ ተባይ ግን አይናገርም።

ገበሬው የሚረጨው ያለ ምክንያት አይደለም። የወይራ ዝንብ እንቁላሏን ፍሬው ውስጥ ትጥላለች፤ እጩም ውስጡን እየበላ ያድጋል። ከእንዲህ ዓይነቱ ፍሬ የሚገኘው ዘይት አሲዱ ይጨምራል፣ ጣዕሙም ይበላሻል። ስለዚህ ጨርሶ ያልተከላከለ ገበሬም ጥሩ ዘይት አያገኝም።

ልዩነቱ የሚመጣው ከሚረጨው ነገር ነው። ዳይሜቶዌት በውኃ ስለሚሟሟ ፍሬው ሲጨመቅ አብዛኛው ከውኃው ጋር ይወገዳል። ክሎርፒሪፎስ ግን የሚሟሟው በቅባት ነው። አንድ ሊትር ዘይት ለማግኘት አምስት ኪሎ ያህል ፍሬ ያስፈልጋል፤ እንግዲህ በአምስቱ ኪሎ ላይ የነበረው አንዲት ጠርሙስ ውስጥ ይከማቻል ማለት ነው። ፍሬውን ማጠብም ወደ ውስጥ የዘለቀውን አያወጣም። የአውሮፓ ኅብረት የዳይሜቶዌትን ፈቃድ እ.ኤ.አ. በ2019 ሳያድስ ቀርቷል። ክሎርፒሪፎስንም የሕፃናትን የአእምሮ እድገት ይጎዳል በሚል ስጋት በ2020 ከልክሏል።

በስፔን አንዳሉሲያ (በቀድሞዋ አንደሉስ፣ ዘይትን ዛሬም ከዐረብኛው «አዝ-ዘይት» በተወሰደ ስም በሚጠሩበት አገር) ሌላም ችግር አለ። ከዛፉ ሥር ፀረ አረም ይረጫል። መሬት ላይ የወደቀ ፍሬ ያንን ከአፈሩ ይዞ ይነሳል። ጠንቃቃ ጨማቂዎች የወደቀውን ከዛፍ ከተለቀመው ለይተው የሚጨምቁት ለዚህም ጭምር ነው፤ የወደቀው ዘይቱም ደካማ ነው።

በገበያ ያለው ሁሉ ተመርዟል ማለታችን አይደለም። በምርመራ የሚገኘው ቅሪት አብዛኛውን ጊዜ ከተፈቀደው መጠን በታች ነው። ነገር ግን «ፍሪጅ ውስጥ ከረጋ ንጹሕ ነው» የሚለው ወሬ ስለ ፀረ ተባይ የሚያሳየን ነገር የለም፤ ያንን የሚለየው ላቦራቶሪ ነው። ስትገዙ የተመረተበት አገር የተጻፈበትን ምረጡ። «ኦርጋኒክ» የሚል የታወቀ ማረጋገጫ ያለው ከሆነ ሰው ሠራሽ ፀረ ተባይ ባልተፈቀደበት እርሻ የበቀለ ነው፤ ዋጋው ግን ወደድ ይላል።