የዘነበወርቅ ጫማ፤ ስለ አንዲት ሴት ነጋዴና ስለ ተግባረ ዕድ

ከአዲስ አበባ መካከል ተነሥቶ በጅማ መንገድ ወደ ምዕራብ የሚሄድ ሰው በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ዘነበወርቅ ከሚባለው ሰፈር ይደርሳል። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በልዕልት ዘነበ ወርቅ ስም ከተሠራው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ሲሆን፥ በ1958 ዓ.ም. ደግሞ አለርት የሚባለው የሕክምናና የማሠልጠኛ ማዕከል በዚያው ተመሠረተ። ሕሙማኑም ከየአውራጃው እየመጡ፥ ከታከሙ በኋላ ወደ ዘመዶቻቸው መመለስ ስለ ከበዳቸው፥ ጎጆ እየቀለሱ በዙሪያው ተቀመጡ። የዓለም የጤና ድርጅት በ1974 ዓ.ም. ድብልቁ መድኃኒት እንዲሰጥ ከመከረ ወዲህ ደዌው የሚድን ሆኗል፤ ዳሩ ግን ከሰውነት የወጣው ደዌ ከሰው አንደበት ቶሎ አልወጣምና፥ የሰፈሩ ስም ሲጠራ ፊቱን የሚያጨማድድ ሰው ለብዙ ዘመን አልጠፋም።

በዚህ ሰፈር ያደጉት ወይዘሮ ቤተልሔም ጥላሁን የሒሳብ አያያዝ ትምህርት ተምረው በ1997 ዓ.ም. ሶልሬብልስ የተባለውን የጫማ ሥራ ድርጅት አቋቋሙ። መነሻቸው ከቤተ ዘመድ የተሰበሰበ ጥቂት ገንዘብ፥ በአያታቸው ግቢ ውስጥ የነበረች አንዲት የሥራ ቤትና አምስት ሠራተኞች ነበሩ። ያዩትም ነገር ረቂቅ አልነበረም። ጎረቤቶቻቸው መፍተል፥ መሸመንና መጥለፍ ያውቃሉ፤ የሚያሠራቸው ግን የለም። አገሩም ከብዙ ዘመን ጀምሮ የሚያውቀው ጫማ ነበረው፤ እርሱም ከአሮጌ የመኪና ጎማ የሚቆረጠው በረባሶ ነው።

በረባሶን የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። ገበሬው፥ ዘበኛው፥ ዘማቹ፥ የቆሎ ተማሪውም ሳይቀር ተጫምቶታል፤ እሾህ አይበሳውም፥ ጭቃም አያበላሸውም። ይሁን እንጂ የድኻ ጫማ ነውና፥ ተጫምቶት ወደ መሥሪያ ቤት የሚገባ ሹም አላየንም። ወይዘሮ ቤተልሔም ያደረጉት ጎማውን እንደ ቀድሞው በእጅ እያስቆረጡ፥ ከላዩ በእንዝርት ከተፈተለና በእጅ ከተሸመነ ጥጥ የተሠራ ጨርቅ እያሰፉበት፥ የእግሩን ልክ በየቁጥሩ እያስተካከሉ ወደ ውጭ አገር መላክ ነው። ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው ይህ ልክን ማስተካከል ይመስለኛል። አንድ ያማረ ጫማ መሥራት የአንድ ብልህ እጅ ሥራ ነው፤ ሺህ ጥንድ ጫማ ግን ግራው ከቀኙ፥ የዛሬውም ካለፈው ወር ሳይለይ ሠርቶ በተቀጠረው ቀን ማስረከብ ሌላ ጥበብ ነው። በባሕር ማዶ ያለው ገዥ ሸማኔው ለቅሶ ሄዶ ነበር ቢሉት አይሰማም። ይህ ሁሉ ተሳክቶ ጫማው በአሜሪካና በአውሮፓ ተሸጠ፥ እስከ ታይዋንም ድረስ በስሙ ሱቅ ተከፈተ፤ በ2003 ዓ.ም. የዓለም የኢኮኖሚ ጉባኤ ወይዘሮዋን ከወጣት መሪዎች ቈጠራቸው።

ወይዘሮዋ በየጉባኤውና ለጋዜጠኞች በሰጡት ቃል ደጋግመው የሚያነሡት አሳብ ሕዝባችን የሚያስፈልገው ምጽዋት ሳይሆን ሥራ ነው የሚል ነው። ቤተ ክህነትን ለሚያገለግሉ አንባቢዎች ይህ ቃል በመጀመሪያ ሲሰማ ሻካራ ሳይመስል አይቀርም፤ ምጽዋትን ማን ይነቅፋል? ነገር ግን እኔ እንደ ተረዳሁት ነገሩ መጽዋቹን መንቀፍ አይደለም። ዘነበወርቅን እርዳታ ለብዙ ዘመን ጎብኝቷታል፤ ቁስል አድርቋል፥ ረኃብ አስታግሷል፤ ለሸማኔው ግን ነገ የሚሸምነውን ሥራ አልሰጠውም። ደመወዙን ተቀብሎ ልጁን ትምህርት ቤት የሚያስገባ ሰው ማንንም እጅ አይነሣም።

ሁለተኛው አሳባቸው ስለ ስምና ስለ ዋጋ ነው። ቡናችንን በጥሬው ሸጠን ሌላው ቆልቶ፥ ስሙንም ጽፎ በብዙ እጥፍ ሲሸጠው ኖሯል። ስለዚህ ወይዘሮዋ ጫማውን በራሱ ስም፥ የኢትዮጵያ ሥራ መሆኑን እየገለጹ ሸጡ፤ በኋላም በቆዳ ሥራና ቡናን በአገር ቤት ቆልቶ በመሸጥ በዚሁ መንገድ ገቡ።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛ በሙያው እንዳይሰደብ ዐዋጅ አውጥተው ነበር። ዐዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ልጁ ሸማኔ እንዲሆንለት የሚመኝ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ግን አላየሁም፤ ይህንንም ራሴን ጨምሬ እናገራለሁ።

በሕግ በኩል ብዙ ተሻሽሏል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ ራስ ያደርግ ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን ባልና ሚስትን በጋራ ሀብታቸው አስተዳደር እኩል አደረገ። የቀረው የብድር ነገር ነው። ባንክ ለብድር የቤትና የሕንፃ መያዣ መጠየቅ ልማዱ ነውና፥ የአያት ግቢና የዘመድ ገንዘብ የሌላት ሴት በምን ትጀምር? በ2011 ዓ.ም. ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር መያዣ እንዲሆን የሚፈቅድ ዐዋጅ ወጥቷል። የመሸመኛ ዕቃዋን በመያዣ ልታስይዝ የመጣች የዘነበወርቅ ሴት በባንኩ መስኮት ምን እንደሚመለስላት፥ የሚመለከታቸው ሹማምንት አንድ ቀን ራሳቸው ሄደው ቢያዩ መልካም ነበር።