የእንዶድ አረፋ

ሳሙና በየሱቁ ከመደርደሩ በፊት ነጠላና ጋቢ የሚነጣው በእንዶድ ነበር። አረንጓዴው ፍሬ ከነዘለላው ይቆረጥና በፀሐይ ይደርቃል፤ ከዚያ በሙቀጫ ይወቀጣል፤ ዱቄቱ ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ሲታሽ ነጭ አረፋ ይነሳል። እናቶቻችን ያን ይዘው ወንዝ ይወርዱ ነበር። ሸማውን ድንጋይ ላይ እያሹ፣ በእግር እየረገጡ ያነጡታል። እንዶድ የወቀጠ ሰው ደግሞ ብናኙ እንዴት እንደሚያስነጥስና ዓይን እንደሚለበልብ አይረሳም።

ተክሉ ማንም የማይንከባከበው የአጥር ሐረግ ነው። በደጋና በወይና ደጋ ዛፍና ቁጥቋጦ ላይ ተንጠላጥሎ ይወጣል። ኦሮምኛ ተናጋሪው ሃንዶዴ፣ ትግርኛ ተናጋሪው ሽብቲ ይለዋል። ፍሬው ሲበስል ይቀላል፤ ለማጠቢያ የሚፈለገው ግን ሳይቀላ የተለቀመው ነው። ኃይሉ የሚበረታው በዚያን ጊዜ መሆኑን ቤተ ሙከራ ያረጋገጠው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።

ቤተ ሙከራው እንዶድን የተዋወቀው በ1964 አድዋ ላይ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዶክተር አክሊሉ ለማ በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተምረው የተመለሱ ወጣት ተመራማሪ ነበሩ። አድዋ የሄዱትም ቀንድ አውጣ ፍለጋ ነው። አንድ የተማረ ሰው ወንዝ ለወንዝ ቀንድ አውጣ የሚለቅመው ለምን እንደሆነ ለመረዳት ስለ ቢልሃርዝያ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል።

የቢልሃርዝያ ትል ከሰው ወደ ሰው በቀጥታ አይሄድም። በደጋችን የሚገኘው ዓይነት እንቁላሉ ከበሽተኛው ዓይነ ምድር ጋር ይወጣል፤ በቆላ የሚገኘው ሌላው ዓይነት በሽንት ይወጣል። እንቁላሉ ወንዝ ሲገባ ይፈለፈላል። የወጣው እጭ በሰዓታት ውስጥ የሚስማማውን ቀንድ አውጣ ካላገኘ ይሞታል። ካገኘ ግን ገላው ውስጥ ገብቶ ለሳምንታት ይራባል፤ ከዚያ ጭራቸው እንደ መንሽ ለሁለት የተከፈለ እጮች በሺዎች እየሆኑ ይወጣሉ። ውሃ የሚቀዳውን፣ ልብስ የሚያጥበውን፣ የሚዋኘውን ልጅ ቆዳ በስተው የሚገቡት እነዚህ ናቸው። ደም ሥር ውስጥ አድገው፣ ወንዱ ሴቷን በገላው እጥፋት እንዳቀፈ ለዓመታት ይኖራሉ። ሰውን በይበልጥ የሚጎዳው ደግሞ እንቁላላቸው ነው። መውጫ አጥቶ አንጀትና ጉበት ውስጥ የቀረው ያቆስላል፤ ጉበት ይደድራል፣ ሆድ ይነፋል፣ ልጅ ይገረጣል፣ ትምህርቱም ይከብደዋል። ከዚህ ሰንሰለት ቀንድ አውጣውን ማውጣት ከተቻለ ትሉ መሸጋገሪያ ያጣል።

ዶክተር አክሊሉ ወንዙን ተከትለው ሲመረምሩ፣ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጦች በዙባቸው። ከዚያ በላይ ግን ቀንድ አውጦቹ በሕይወት ነበሩ። ከላይ በሕይወት ያሉትን ለቅመው አመጡና ከአጣቢዎቹ አንዷን ከአረፋዋ ጥቂት እንድታፈስባቸው ለመኗት። አፈሰሰች። ቀንድ አውጦቹ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። የመጀመሪያው ሙከራ ይኸው ነው፤ ዕቃው የልብስ ማጠቢያ ዕቃ፣ መድኃኒቱን የቀመመችውም ስሟ ያልተመዘገበ የአድዋ ሴት ናት።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ረጅምና አድካሚ ነበር። ዶክተር አክሊሉ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ በዚያን ጊዜ ስሙ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ፤ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ስንት እንዶድ በስንት ውሃ ውስጥ፣ ለስንት ሰዓት ሲቆይ ይገድላል? ሌላውን ፍጡርስ ምን ያደርጋል? ቀንድ አውጣ ሲሞት ማየት አንድ ነገር ነው፤ እነዚህን ጥያቄዎች በቁጥር መመለስ ሌላ ነው። በካሊፎርኒያ የስታንፎርድ ምርምር ኢንስቲትዩት ኬሚስቶች በ1970ዎቹ ገዳዩን ንጥረ ነገር ለይተው አወጡና ለማቶክሲን አሉት። በፈረንጅ ልማድ የመጨረሻው ስም የቤተሰብ ስም ስለሆነ ነው። እኛ ዘንድ ለማ አባት ናቸውና፣ ሞለኪውሉ የሚጠራው የቀንድ አውጦቹን ሞት ባስተዋሉት ሰው አባት ስም ሆነ።

ለማቶክሲን ሳፖኒን ከሚባሉት ወገን ነው። ስያሜው ሳሙና ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው። የሳፖኒን ሞለኪውል ሁለት ጠባይ አለው፤ በስኳር በኩል ያለው ጎኑ ውሃ ይወዳል፣ ሌላው ጎኑ ስብ ይወዳል። በአንዱ እድፉን፣ በሌላው ውሃውን ስለሚይዝ ልብስ ያነጣል፣ አረፋም ይሠራል። የሕያው ህዋስ ሽፋን ደግሞ ከስብ የተሠራ ነው። ሳፖኒን ይህን ሽፋን፣ በተለይም ኮሌስትሮል ያለበትን፣ ይይዝና ይበሳዋል። እድፍ የሚያስለቅቀውና ቀንድ አውጣ የሚገድለው ጠባይ አንድ ነው ማለት ነው። የአጣቢዋን እጅ የሚጠብቀው የላይኛው ቆዳዋ በሞቱ ህዋሳት የተደረበ መሆኑ ነው። የቀንድ አውጣ ለስላሳ ገላና የዓሣ ስንጥብ እንዲህ ያለ ድርብ የላቸውም፤ ስለዚህ እንዶድ ዓሣም ይገድላል። ይህ ጉድለቱ ነው፤ ተክሉን የምንወድ ሰዎች ልንሸሽገው አይገባም።

ከምርምሮቹ ሁሉ ልቤን የነካው በ1980ዎቹ በስዊዘርላንድ ሎዛን የተሠራው ነው። ብሩኖ ዶሞንና ኩርት ሆስቴትማን የእንዶድን ፍሬ በሜታኖል ሲዘፈዝፉት ያገኙት ሳፖኒን ቀንድ አውጣ የማይገድል ሆነ። በውሃ ሲዘፈዝፉት ግን ገዳዩ ተገኘ። ምክንያቱ እንዲህ ነው፦ ሳፖኒኑ ፍሬው ውስጥ ሳለ በሁለት ቦታ የስኳር ሰንሰለት ታስሮበታል፤ እንደ ታሰረ መርዝነት የለውም። ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ሲያገኝ በውስጡ ያለ ኢንዛይም ይነቃና አንዱን ሰንሰለት ይቆርጣል። ያን ጊዜ ኃይሉ ይፈታል። ሜታኖል ኢንዛይሙን ስለሚያሰናክለው ሳፖኒኑ እንደ ታሰረ ይቀራል። የእናቶቻችን አሠራር፣ መውቀጡና በውሃ መዘፍዘፉ፣ ለኬሚስትሪው ትክክለኛው አሠራር ነበር። ኢንዛይም የሚባል ነገር ሳይሰሙ የደረሱበት ዘዴ ነው፤ የዓለም የተመረጠ ቤተ ሙከራ ደግሞ ዘዴያቸውን ሲተው መድኃኒቱን አጣው።

በአድዋ ከ1969 እስከ 1974 ድረስ ለአምስት ዓመት የተወቀጠ እንዶድ በየጊዜው ወንዞቹ ላይ እየተረጨ ውጤቱ ተለካ። ከከተማው ሰው ቢልሃርዝያ የነበረበት 63 በመቶ ወደ 33 በመቶ ወረደ። ይበልጥ የሚናገረው የሕፃናቱ ቁጥር ነው፤ ዕድሜያቸው ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ከሆኑት መካከል የተያዙት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረዱ። ትሉ ሰው ውስጥ ለዓመታት ስለሚኖር ትልልቆቹ የድሮውን በሽታ ተሸክመው ይቆያሉ። ሕፃኑ ግን የሚነግረን ወንዙ በዚያ ሰሞን ምን ያህል እንደጠራ ነው። ርጭቱ የሚደጋገመው እንዶድ የቀንድ አውጣን እንቁላል ስለማይገድል ነው። በሌላ በኩል ውሃ ውስጥ ብዙ ሳይቆይ ስለሚበሰብስ ወንዙን እንደ ተመረዘ አይተወውም።

ሁሉም እንዶድ እኩል አይደለም። ተመራማሪው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከዶክተር አክሊሉ ጋር ሆነው ከየአካባቢው የተሰበሰቡ 65 ያህል ዓይነቶችን አወዳድረው፣ 44 ቁጥር የተሰጠው ከተመረጡት ቀዳሚ ሆነ። ገበሬው አጥሩ ላይ ሊያበቅለው የሚችል መድኃኒት ነበር፤ ከውጭ የሚገዛው የፋብሪካ ቀንድ አውጣ ገዳይ ግን ድሃ አገር የማይደፍረው ዋጋ ነበረው።

ይህ ሁሉ እያለ እንዶድ በስፋት ሥራ ላይ እንዲውል ድጋፍ አልተገኘም። ጤና ላይ የሚወስኑ ዓለም አቀፍ ተቋማት፣ በታወቁ ቤተ ሙከራዎች የመርዛማነት ምርመራ ካልተደረገለት አንቀበልም አሉ፤ የምርመራውን ወጪ የሚሸፍን ግን ለብዙ ዓመታት ጠፋ። በመጨረሻ የካናዳው ዓለም አቀፍ የልማት ምርምር ማዕከል ደግፎት ሲሠራ 1990 ደርሷል፤ ውጤቱም ከዓይን ጉዳትና ከዓሣው በስተቀር ለአጥቢ እንስሳት ብዙ የማያሰጋ መሆኑን አሳየ። ምርመራ መጠየቁ ተገቢ ነበር፤ ወንዝ ውስጥ የሚጨመር ነገር ሊመረመር ይገባል። ጥፋቱ ጠያቂዎቹ ጥያቄው እንዲመለስ አለመርዳታቸው ነው። ዶክተር አክሊሉ በ1989 ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን፣ አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን ሽልማት ሲቀበሉ፣ ዋናው እንቅፋት ግኝቱ ከአፍሪካ መምጣቱ መሆኑን በግልጽ ተናግረዋል። እኔም አምናቸዋለሁ።

በአሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች የሆነው ይህን ያጠናክርልኛል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ዜብራ መስል የምትባል፣ ገላዋ መስመር መስመር ያለው ትንሽ ባለ ዛጎል ፍጥረት በመርከብ ውሃ ተጭና ገብታ የውሃ ቱቦዎችን መዝጋት ጀመረች። በኦሃዮ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ዶክተር አክሊሉ ባሉበት ሲሞከር እንዶድ ይቺንም ገደላት። በ1993 ለዩኒቨርሲቲው የአሜሪካ ፓተንት ተሰጠ፤ የዶክተር አክሊሉ ስም ከፈልሳፊዎቹ ጋር ተጽፎበታል። የእንዶድን አረፋ ለዓለም ያቆዩት የወንዝ ዳር ሴቶች ግን በፓተንቱ አልተነሱም። ይህ ፓተንት የአገር ዕውቀት ባለቤት ማን ነው በሚለው ክርክር እስከ ዛሬ በምሳሌነት ይጠቀሳል። ዶክተር አክሊሉ በ1997 አረፉ።

አንድ ነገር ለአንባቢ አደራ እላለሁ። እንዶድ የሚገድለው ወንዝ ውስጥ ያለውን ቀንድ አውጣ ነው፤ ሰው ውስጥ የገባውን የቢልሃርዝያ ትል አያክምም። ፍሬውንም ሥሩንም ለኮሶ፣ ለጽንስ ማስወረጃ ወይም ለሌላ ሕመም ብለው የሚጠጡ አሉ፤ አንጀትን የሚያቆስል፣ ሕይወት የሚያጠፋ ነው። አይጠጣ። ዱቄቱ ዓይን አያግኝ፤ ዓሣ የሚረባበት ኩሬ አጠገብም አይታጠብበት። ወንዝ ገብቶ የሚዋኝ ልጅዎ ሆዱን የሚያመው ወይም ደም የተቀላቀለበት የሚያስቀምጠው ከሆነ ጤና ጣቢያ ወስደው ያስመርምሩት፤ የቢልሃርዝያ መድኃኒት ፕራዚኳንቴል የሚባለው ክኒን ነው።